ጃፓኖቹ የነቀሉት ጎመን

ጃፓኖቹን ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠላኋቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም አላደረጉኝም፤ ከአንዳቸውም ጋር ቃል ተለዋውጬ አላውቅም ነበር። ሃያ የሚሆኑ ሴቶችና ወንዶች፣ ጥቂቶቹ ከነልጆቻቸው፣ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሰደርያ ለብሰው፣ ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቀው በመናፈሻው በር ገቡ። በሁለት ረድፍ ቆሙ። አንዲት ጠና ያለች ሴት አጭር ንግግር አደረገችላቸው፤ ሁሉም አንድ ላይ ጎንበስ ብለው ቀና አሉ። ከዚያም የእኔን ሥራ ሊሠሩ በየአቅጣጫው ተበተኑ።

እኔ ፍራንክፈርት ውስጥ የመናፈሻ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። በደርግ ዘመን የእርሻ ትምህርት ልማር ጀርመን መጥቼ፣ ትምህርቱን ሳልጨርስ፣ አገሬም ሳልመለስ የቀረሁ ሰው ነኝ። ብዙ ዓመት አውሮፕላን ጣቢያ ዕቃ ስጭን ቆይቼ ወገቤ እምቢ ሲለኝ፣ የዓለም ዋንጫ ጀርመን በተደረገበት ዓመት የከተማውን መናፈሻዎች በኮንትራት ለሚያጸዳ ድርጅት ተቀጠርኩ። የደረሰኝ ቦከንሃይም ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ያለ፣ መካከለኛ ስፋት ያለው መናፈሻ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ጉልበቱን የሚያመው አንድ ክሮኤሽያዊ ነበር። ከሁለታችን በላይ ደግሞ ፎርአርባይተሩ፣ ማለትም የቡድን አለቃችን አለ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ጀርመናዊ ነው፤ ሦስት መናፈሻ ስለሚቆጣጠር በትንሽ መኪና እየዞረ ያየናል።

መናፈሻውን እንደ ቤቴ አውቀው ነበር። የሱፍ ፍሬ እየበሉ ልጣጩን የሚተፉት ወጣቶች የትኛው አግዳሚ ላይ እንደሚቀመጡ፣ እሁድ ሥጋ የጠበሱ ቤተሰቦች ከሰላቸውን የትኛው ዛፍ ሥር ደፍተውት እንደሚሄዱ፣ ከነፋስ በኋላ ወረቀት የትኛው አጥር ላይ እንደሚለጠፍ አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት ስገባ ሰዎቹ ቅዳሜና እሁድ ምን ሲያደርጉ እንደዋሉ ከቆሻሻቸው አነብ ነበር። ሥራው የሚያኮራ ነው አልልም። ግን በደንብ እሠራው ነበር፤ ለአንድ ሰው ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ጃፓኖቹ ከመጡ በኋላ በዋለው ሰኞ አለቃችን ሁለታችንን ጠርቶ ስልኩ ላይ ያለ ፎቶ አሳየን። የጃፓን ኩባንያዎች ሠራተኞችና ሚስቶቻቸው መሆናቸውን፣ ለሚኖሩበት ከተማ ምስጋናቸውን ለመግለጽ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በነጻ ሊያጸዱ ማመልከታቸውን ነገረን። ቀጥሎም እናንተ በሳምንት የማትጨርሱትን በሁለት ሰዓት ጨረሱት አለ። ክሮኤሽያዊው ሳቀና፣ ሃያ ሰው በሁለት ሰዓት አርባ ሰዓት ይሆናል፣ ያ ማለት የአንድ ሰው ሳምንት ነው፣ ስለዚህ ከእኛ አንዳችንን አክለዋል ማለት ነው አለው። አለቃው አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ላይ አንድ ጉድለት ባየ ቁጥር “ጃፓኖቹ ቢሆኑ” ማለት አመጣ።

ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በየወሩ ይመጡ ነበር። በረጅም መቆንጠጫ ከድንጋይ ንጣፉ መካከል የሲጋራ ቁራጭ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። አግዳሚ ወንበሮቹን በውሃና በጨርቅ ያጥባሉ። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ተረኛ ስለነበርኩ ብዙ ጊዜ እንገናኛለን። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው ጎንበስ ይሉልኝና ያመሰግኑኛል። በምን ነው የሚያመሰግኑኝ እያልኩ እብሰለሰላለሁ፤ እያሾፉብኝ ይመስለኛል። የእግዜር ሰላምታ አይነፈግም ይባላል፤ እኔ ግን ነፈግኳቸው። ፊቴን አዙሬ መጥረጊያዬን እገፋ ነበር።

ባለቤቴ ይህን ስነግራት አልገባትም። እሷ ጉትሎይትፊርቴል በሚባለው ሰፈር በኪራይ አዳራሽ ከሚሰበሰበው የኢትዮጵያውያን የጸሎት ጉባኤ ጋር ትዘምራለች፤ በነጻ ማገልገል ለእሷ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስጠላ ነገር አይደለም።

“የሚያግዝህን ሰው ትጠላለህ?” አለችኝ።

“እነሱ እኔን አያግዙም። ቤትሽ የመጣ እንግዳ፣ አንቺ እያየሽ፣ የጠረግሽውን ወለል እንደገና ቢጠርግ ምን ትያለሽ?”

ትንሽ አሰበችበት። “መጥረጊያውን እቀማዋለሁ” አለች፤ ከዚያ ሳቀች። እኔ ግን መጥረጊያቸውን የምቀማበት መንገድ አልነበረኝም።

አሁን ስለ ጎመኑ ልናገር። ከመሣሪያ ማስቀመጫ ቤታችን ጀርባ፣ በቁጥቋጦ አጥሩና በግድግዳው መካከል፣ እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ጠባብ መሬት ነበር። እዚያ የሚደርስ ሰው የለም። የባለቤቴ እህት ከአዲስ አበባ ስትመጣ በወረቀት ጠቅልላ ያመጣችውን የጎመን ዘር ዘራሁበት። በወጣትነቴ ስለ አፈር ብዙ ተምሬ ነበር፤ ያ ትምህርት ከዚያች መሬት በቀር የትም አልጠቀመኝም። ቅጠል አበስብሼ ማዳበሪያ አደረግሁላት። ሦስት ዓመት በተከታታይ አበቀለች። ሥራ ስንጨርስ አንድ እቅፍ ቀጥፌ ወደ ቤት እወስዳለሁ። አንዳንዴ ሆኽስት በሚባለው የከተማው ዳርቻ ለሚኖሩ አንድ ያገሬ አዛውንት አደርስላቸዋለሁ። እሳቸው ቅጠሉን በጣታቸው መካከል እያሹ “ዘግይተህ ነው የቀጠፍከው፣ ጠንክሯል” ይሉኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ካላመጣሁ ይደውላሉ።

ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። መሬቱ የከተማው ነው። አለቃችን በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ወደ ጀርባ ዞሮ አይቶታል። “እኔ ምንም አላየሁም” አለኝ፤ እኔም ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለኝ።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ሰኞ ጠዋት ልብሴን ቀይሬ እንደ ልማዴ ወደ ጀርባ ስዞር ጎመኑ የለም። አንድም አገዳ አልቀረም። ሥሩ ጭምር ተነቅሏል። አፈሩ በባለ ጥርሱ መጥረጊያ ተስተካክሎ፣ መስመር መስመር ይዞ፣ አሁን የተበጠረ ፀጉር መስሎ ተኝቷል። የነቀሉትን ለማየት ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሄድኩ፤ ያም ጠዋት ተወስዶ ባዶ ነበር።

ቅዳሜ ተረኛ የነበረው ክሮኤሽያዊው ነው። ጠየቅሁት። ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገች ጃፓናዊት ተንበርክካ ስትነቅል አይቻለሁ አለኝ። ለምን አላስቆምካትም ስለው፣ አንተ የፈቀድክ መስሎኝ አለ። ከዚያም ጉልበቱን እያሻሸ፣ ጎመን እኮ ነው፣ በዓመቱ ትዘራዋለህ አለኝ።

ማንንም መክሰስ አልችልም። ጎመኔ ተነቀለ ብዬ ብናገር፣ በከተማው መሬት ላይ ጎመን ዘርቼ ነበር ብዬ ራሴን መክሰሴ ነው። ንዴት መውጫ ሲያጣ ይበላሻል። ወሩን ሙሉ ያችን ባለ ሰማያዊ ኮፍያ ሳስብ ከረምኩ። ፊቷን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም ነበር፤ ስለዚህ የምጠላውን ፊት ሁሉ ሰጠኋት።

በጥቅምቱ ቅዳሜ ተረኛው እኔ ነበርኩ። ከሰዓቴ ቀድሜ፣ ጎህ ሲቀድ ደረስኩ። ዓርብ ከሰበሰብነው ቆሻሻ ሁለት ትልልቅ ከረጢት ጎትቼ እነሱ ሥራ የሚጀምሩበት የልጆች መጫወቻ አጠገብ ወሰድኩና ዘረገፍኩት። የከሰል አመድ፣ የዶሮ አጥንት፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ የተሰበረ ጠርሙስ። ከዚያ እንዳይታወቅ በባለ ጥርሱ መጥረጊያ በሣሩ ላይ በተንሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ሣር ሳጸዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ሳደርግ ያፈርኩ ይመስላችሁ ይሆናል። አላፈርኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራዬን ጨርሼ ቡና ከቴርሞሴ ቀዳሁና አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ቆሻሻውን ሲያዩ ቆሙ። ጠና ያለችው ሴት ያን ቀን ንግግር አላደረገችም። ሣሩን ከዳር እስከ ዳር አየች፤ ከዚያ ጎንበስ አለች፣ ሁሉም ጎንበስ አሉና ጀመሩ። ልጆቹን ወደ ኋላ አደረጓቸው። የሽንት ጨርቁን ያነሳው በሥራ ቀን ክራባት የሚያስር የሚመስል ሰው ነበር፤ ፊቱን እንኳ አልቋጠረም። እኔ ሲማረሩ፣ ሲሳደቡ፣ ትተው ሲሄዱ ለማየት ነበር የተቀመጥኩት። እነሱ ግን እንደ ወትሮው ለቀሙ። ንዴቴ እንደገና ተቀጣጠለ።

ድንገት አንዲት ሴት እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ሰማያዊ ኮፍያ አድርጋለች። ጠርሙሱ ነጩን ጓንት በጥሶ መዳፏን ቆርጧታል፤ ደሙ በጥጡ ላይ ቶሎ ሰፋ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ ያለው መሣሪያ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ያለው ኪሴ ውስጥ ነው። ይህን እያወቅሁ አልተነሳሁም። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ምናልባት በጣም አጭር ነበር። የደረሰላት ያን ቀን ዕረፍቱ የነበረው ክሮኤሽያዊው ነው፤ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ዳቦ ገዝቶ ሲያልፍ ደሙን አይቶ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ሣጥኑን ይዞላት ሮጠ። በዚያ ጉልበቱ ሲሮጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እጇ ከታሰረ በኋላ ሌሎቹን ትታ ወደ እኔ መጣች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ጀርመንኛዋ ከእኔ ያነሰ፣ ግን ጥርት ያለ ነበር። በአክብሮት፣ ‘እርስዎ’ እያለች ነው የተናገረችኝ።

“ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት” አለች።

የቴርሞሴን ክዳን ጠመዘዝኩ።

“ነፋስ ያመጣው ቆሻሻ የመጥረጊያ ጥርስ መስመር የለውም።”

“ጎመኔን የነቀልሽው አንቺ ነሽ” አልኳት። ሆን ብዬ ነው ‘አንቺ’ ያልኳት። ጀርመን አገር ለማያውቁት ሰው እንደዚያ ማለት ስድብ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

“አዎ” አለች። “ጎመን መሆኑንም አውቄአለሁ። እናቴ ገበሬ ናት። ሰው የተከለውን ነገር ከአረም ለይቼ አውቃለሁ።”

ይህን አልጠበቅሁም። ሳላውቅ ነው ያደረግሁት ብላ ብትለምነኝ ምን እንደምመልስ ወሩን ሙሉ አዘጋጅቼ ነበር። ታዲያ ለምን አልኳት።

“አለቃችሁ ወደ ጀርባ ወሰደን” አለች። “እዚህ ያለውን ሁሉ አጽዱልን አለ። ባለቤት አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ የለውም፣ ማንም የማይፈልገው ነገር ነው አለኝ።” ይህን ብላ በታሰረው እጇ ወደ ጠና ያለችው ሴት ጠቆመችኝ። “እሷ በዚያን ሰዓት አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበር፤ ባሏ የባሌ አለቃ ነው፤ እሷ እያየች አልነቅልም ማለት አልችልም” አለች። ከዚያ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ።

“እርስዎ እዚህ የምንመጣው ወደን ይመስልዎታል? ቅዳሜ ቤቴ ብተኛ እወዳለሁ። የቀረ ሰው ይቆጠራል። ላለፉት ሁለት ዓመታት እርስዎን ባየሁ ቁጥር ሰላም ብዬዎታለሁ፤ እርስዎ አንድ ቀን እንኳ አልመለሱልኝም። ስለ ጎመኑ ይቅርታ ልጠይቅዎት አስቤ ነበር። አሁን አልጠይቅዎትም።”

ዞራ ሄደች። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ከኋላዋ ልጠራት አፌን መክፈቴን አስታውሳለሁ፤ ስሟን ስለማላውቅ ዘጋሁት። ይህ እንደ ምክንያት ጥሩ ነበር፤ ያኔ ያዝኩት።

ሰኞ ጠዋት አለቃችን ብቻዬን ጠራኝ። ከጃፓኖቹ ደብዳቤ ደርሶት ነበር። አነበበልኝ። ግማሹ ምስጋና ነው፤ ስለ መናፈሻው ውበት፣ ስለተሰጣቸው ዕድል። መጨረሻ ላይ ባለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ወደፊት ሠራተኞች ቆሻሻ ባይበትኑ መልካም እንደሆነ በትሕትና ያሳስባል። እንደዚያ ትሁት ሆኖ የተጻፈ ክስ አጋጥሞኝ አያውቅም። አለቃው አብማኑንጉን፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያውን ማለት ነው፣ አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። ልፈርም ብዕር አቀበለኝ።

“ጎመኑን ያስነቀልከው አንተ ነህ?” አልኩት።

“እኔ ነኝ።”

“አላየሁም ብለኸኝ አልነበር?”

ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ንዴት አይታይበትም፤ እንደ ልጅ ሊያስረዳኝ የሚሞክር ይመስል ነበር።

“ከላይ ያሉት በመስከረም ቁጥጥር ሊመጡ ነበር። ቢያዩት በአንተ ላይ መጻፍ ይኖርብኝ ነበር። ንቀለው ብልህ ደግሞ ትጨቃጨቀኛለህ። እነሱ ሲነቅሉት ግን ማንም አልተጣላም። እኔ የማውቀው ለአንተ ውለታ እንደሠራሁ ነው።”

ቀደም ብለህ ለእኔ ብትነግረኝ እኔው በእጄ እነቅለው ነበር አልኩት። እውነቴን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ምናልባት እንዳለው እጨቃጨቀው ነበር። ፈረምኩ። ምን እንደፈረምኩ አላነበብኩትም። በሳምንቱ ወደ ሌላ ቡድን ተዛወርኩ፤ ሆኽስት፣ በኬሚካል ፋብሪካዎቹ አጥር ዳር ያለውን መንገድ ማጽዳት ደረሰኝ። እዚያ መናፈሻ የለም። የሚያመሰግንም የለም።

ባለቤቴ ሁሉንም ሰማችኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

“ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነበር?”

“ነበር።”

እራት አቀረበች። እኔ ስበላ እሷ አልበላችም። ሣህኑን ስታነሳ “ጎመን በጤና ይባላል” አለች። “አንተ ጎመኑንም ጤናውንም አጣህ።” ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር ከአስፈላጊ ነገር በላይ አልተነጋገረችም። ጉባኤ ላይ ለማን እንደጸለየች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ለአዛውንቱ ጎመን እንደሌለ ስነግራቸው ምክንያቱን ማወቅ ፈለጉ። ነገርኳቸው። የጠበቅሁት እንዲቆጡልኝ ነበር። እሳቸው ግን በፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ሰምተውኝ፣ “ሁለት ባሪያ አንዱ የጌታውን መጥረጊያ ይዞ፣ ሌላው የጌታውን ቆሻሻ ይዞ ተጣላችሁ” አሉኝ። አነጋገራቸው አልጣመኝም። እርስዎ አልነበሩበትም አልኳቸውና ተነሳሁ። ለተወሰነ ጊዜም አልሄድኩባቸው።

ጃፓናዊቷን አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ አገኘኋት። ዓመት ከምናምን አልፎ ነበር። ላይፕሲገር መንገድ ጣቢያ ላይ ወደ መሀል ከተማ በሚሄደው የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፈርኩ፤ ሰው ሞልቷል። አንድ ወንበር ላይ ሰው ሳይሆን የገበያ ከረጢት ተቀምጧል። ቀና ብዬ የከረጢቱን ባለቤት ሳይ እሷ ናት። ኮፍያ አላደረገችም፤ መጀመሪያ እጇን ነው ያወቅሁት። መዳፏ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ ነጣ ያለ መስመር አለ። እሷም አወቀችኝ። ፊቷ አልተለወጠም፤ ፈገግታም ቁጣም የለበትም። ከረጢቱን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና በመስኮቱ በኩል ወደ ጨለማው ግድግዳ ማየት ጀመረች።

ወንበሩ ባዶ ሆነ። ለእኔ ብላ ያነሳችው ይሁን፣ ወይስ ለማንም ቆሞ ለሚሄድ ሰው እንደምታደርገው ያደረገችው ይሁን ማወቅ አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ ስጠርግ ስለዋልኩ ወገቤን እየቆረጠመኝ ነበር። መቀመጥ ፈልጌ ነበር። ተቀምጬ የምለውንም፣ በጀርመንኛ፣ ‘እርስዎ’ ብዬ፣ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። ብረቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሃውፕትቫኸ ጣቢያ ስንደርስ ተነስታ በአጠገቤ አለፈች። የትከሻዋ ልብስ እጄን ነካው። ወደ እኔ አልዞረችም። በሩ ሳይዘጋ፣ ከኋላዬ የነበረ አንድ ወጣት አልፎኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።